ስልሳ ነጥብ የሚሞላ ችግር

የዚያን መሥሪያ ቤት ጉድ እንደ ጽዳቷ የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብታ ኮሪደሩን ስትጠርግ፣ ቢሮዎቹን ስትወለውል፣ የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ስትፈትግ ኖራለች። ከረባት አስሮ ሽቶ ተርከፍክፎ የሚመጣው ሁሉ ውሃ መልቀቅ እንኳ እንደማያውቅ ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር? ያስጠላል እኮ! ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሠርታ ትወጣለች።

በሩ ላይ በትልቁ «የቤት ለቤት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት» ይላል። እንክብካቤ! አልጋ ላይ ለዋለ በሽተኛ ነርስ ወደ ቤቱ መላክ ነው ሥራው። ይገባዋል ለተባለ ማለት ነው። ይገባው እንደሆነ የሚወስነው አራት ገጽ ቅጽ የያዘ አንድ ሰውዬ ነው፤ ባለጉዳዩ ሁሉ «መዛኙ» ይለዋል። የሰውን ችግር ከመቶ እያሰላ ነጥብ ይሰጣል። ስልሳ የሞላ ነርስ ይላክለታል፤ ሃምሳ ዘጠኝ ያመጣውን እግዜር ይማረው። ችግር እንደ ሽንኩርት ሲመዘን ላየው የሚል እዚያ ሄዶ ይይ።

መዛኙ ማልዶ የመግባት አመል አለበት። ጽዳቷ ክፍሉን ልትወለውል ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው የምታገኘው። ከእግሩ ሥር የብርቱካን ልጣጭ፣ ያኘከውን ስቴኪኒ፣ ቆርጦ የጣለውን ጥፍር ትለቅማለች። ጥፍሩን! መወልወያው ሲደርስበት እግሩን ያነሣል እንጂ ዓይኑን አያነሣም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ፊቷን አይቶት አያውቅም።

እናቷን ሰፈሩ «እትዬ በረኪና» ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። የንጽሕናቸው ነገር አይነሣ! እንግዳው ደጃፉን ሳይወጣ የተቀመጠበትን ወንበር የሚወለውሉ፣ ጨርቃቸው እንደ ወረቀት ካልነጣ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። ጽዳቷ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቷን ሳይሆን ኮሌታዋን ነበር።

እኒህ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ ግማሽ ጎናቸው በድን ሆኖ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰባት ወር የሞላቸው። ጽዳቷ ከሥራ በፊትና ከሥራ መልስ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። እንዲያም ሆኖ መቀመጫቸው ላይ ቆዳው ተልጦ ቆሰለ። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ነበር። ከዚያ ሰፋ፣ ጎደጎደ። ጎረቤታቸው አናጢው ጣውላ በሚጭንበት ጋሪ ጤና ጣቢያ አደረሳቸውና አንዲት ነርስ አየቻቸው። ነርሷ ጽዳቷን ወደ ጥግ ስባ፣ «ይሄ በየቀኑ በባለሙያ እጅ ካልተጠረገ አጥንት ይደርሳል። አጥንት ከደረሰ ደግሞ...» አለችና አልጨረሰችውም። ጽዳቷ ግን ገብቷታል። እናቷን ልታጣቸው ነው።

«ባለጉዳይ በአካል ይቅረብ» ይላል ደንቡ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በአካል ይቅረብ! የቀጠሮው ቀን እትዬ በረኪና ገና ጎሕ ሲቀድ ልጃቸውን አላስቀምጥ አሏት።

«በይ ውሃ አሙቂ። ያንን ነጩን ቀሚሴን ተኩሺልኝ። ፀጉሬንም አበጥሪኝ።»

«እማዬ፣ ሠርግ እኮ አይደለም የምንሄደው።»

«ቢሮ አይደል እንዴ! ሰው ፊት በዚህ መልኬ ልቀርብ ነው? ምን ሊሉሽ? እናቷን አቆሽሻ አስቀመጠቻት ይበሉሽ?»

አጠበቻቸው፣ አለበሰቻቸው፣ አናጢው በጋሪው እየገፋ አደረሳቸው። ጽዳቷ ዩኒፎርሟን አውልቃ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከጎናቸው ቆመች። መዛኙ አላወቃትም። ብዕሩን ነቅሎ፣ «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። አንተስ ልጄ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

ሰውዬው ጻፈ። ጽዳቷ ሰላምታ መስሏት ነበር፤ ጥያቄ ቁጥር አንድ መሆኑን ያወቀችው ብዕሩ ሲንቀሳቀስ ነው።

«ምግብ ይበላሉ?»

«ተመስገን ነው። ምን ጎድሎብኝ!»

«ገላዎን ይታጠባሉ?»

እትዬ በረኪና ቱግ አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሳይታጠቡ ይዋላል እንዴ?»

«ኧረ እኔ ነኝ የማጥባቸው! እሳቸው እጃቸውንም...» ብላ ጽዳቷ ልትገባ ስትል መዛኙ ቀና ሳይል መዳፉን አነሣባት። «ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይናገሩ። ቁስል አለብዎት እናቴ?»

«ትንሽ ጭረት ናት። እሷም ደርቃለች።»

«እማዬ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ በሹክሹክታ። «ወንድ ልጅ ፊት ምን በይ ነው የምትይኝ?»

ጽዳቷ ነርሷ ስለ ቁስሉ የጻፈችላትን የጤና ጣቢያ ወረቀት ብትዘረጋለት በጣቱ ጫፍ ገፋው። «የጤና ጣቢያው ወረቀት ለጤና ጣቢያው ነው። እኛ የምንመዝነው ያየነውን ነው» አለ። ያየው እንግዲህ ነጭ ቀሚስ፣ የተበጠረ ፀጉርና ከሳሙና ሽታ ጋር የመጣች ፈገግታ ነው። ደምሮ፣ ማኅተሙን መታ። ሠላሳ ስምንት።

ጋሪው ላይ ሆነው እትዬ በረኪና፣ «ሠላሳ ስምንት ጥሩ ነው መጥፎ?» ብለው ጠየቁ።

«መጥፎ ነው እማዬ። በጣም ደህና ነሽ ማለት ነው።»

በማግሥቱ ቅሬታ ልታስገባ ተሰለፈች። ከፊቷ የነበሩት አንድ እግራቸው የተቆረጠ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ የዚያን ቢሮ አግዳሚ ወንበር ከቤታቸው ሶፋ ይልቅ ያውቁታል። በየስድስት ወሩ ይመጣሉ። ለምን ቢሏቸው፣ «እግሬ በቅሎ እንደሆነ ለማሳየት» ይላሉ። የጽዳቷን ነገር ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ አጥበሽ ነው ያመጣሻቸው?»

«ታዲያስ!»

«አበላሸሽዋ! በይ ስሚኝ። ሁለተኛው ምዘና ቤት ድረስ መጥተው ነው። እስኪመጡ ድረስ እንዳትነኪያቸው። እኔን ምራቴ ሦስት ቀን ሳታጥበኝ ነው ስልሳ አንድ ያመጣሁት።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ደግ ልጅ ናት ምራቴ። እያለቀሰች ነው የተወችኝ።»

መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ፣ መዛኙ በሚቀጥለው ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ይመጣል አለቻት። የትኛው ቀን? አይነገርም፤ ድንገተኛ ነው።

እሑድ ምሽት ላይ ነገሩን ለእናቷ ስትነግራቸው እትዬ በረኪና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ፣ «እንዳልሽ» አሉ። ጽዳቷ ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት በወደደች።

ሰኞ ሳይመጣ መሸ። እንደምንም አለፈ። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበላት። አንሶላው ረጥቦ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቧል። ዝንብ ገብቷል። እትዬ በረኪና በደህናው እጃቸው ዝንቡን እሽ እያሉ፣ ልጃቸው ስትገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኝቻለሁ ለማለት ነው፤ አልተኙም። ጽዳቷ የሰው ሁሉ ሽንት ቤት ስትፈትግ ውላ መጥታ የገዛ እናቷን ቆሻሻ ላይ ትታ መቀመጧ አንገሸገሻት። እጇን በሳሙና ታጠበች። ምንም ያልነካ እጇን ሦስቴ ታጠበች።

ረቡዕ ጠዋት የመዛኙን ክፍል ስትወለውል አላስቻላትም። «ጌታዬ፣ በዚህ ሳምንት የቤት ለቤት ምዘና... በየትኛው ቀን ይሆን የሚወጡት?»

እግሩን አነሣላት። «የሥራ ምሥጢር ነው» አለ ለወረቀቱ፣ ብርቱካኑን እየላጠ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሽታው ተለወጠ። የሽንትና የላብ መሆኑ ቀርቶ ሌላ፣ ጣፋጭ ነገር ያለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ ሽታ ሆነ። እትዬ በረኪና ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። «ይሄንን ሽታ አውቀዋለሁ። እንዲህ የሚሸት አንሶላ ሲመጣልን፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል ነው ብለን ለብቻው ነበር የምንቀቅለው። መልካም ሽታ አይደለም ልጄ።» ጽዳቷ ተነሥታ ውሃ ጣደች። ሊፈላ ሲል ግን፣ ነገ ሐሙስ ነው፣ የመጨረሻው ቀን ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ብላ አወረደችው። እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ራሷን ረገመች። ምን ዓይነት አገልግሎት ነው ሰውን እንዲህ አርክሶ የሚያስለምን? ምን ዓይነት ልጅስ ናት እሺ ብላ የምታደርገው?

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። መዛኙ ደፍ ላይ እንደ ደረሰ ቀጥ ብሎ ቆመ። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። አንድ እግሩን እንኳ ወደ ውስጥ አላስገባም፤ አንገቱን አስግጎ አልጋው ያለበትን ጥግ አየና ቅጹ ላይ መስመር አሠመረ።

«አይቻልም» አለ ከመሐረቡ ውስጥ። «በባለሙያዎች ደህንነት መመሪያ መሠረት፣ ነርሶቻችን እንዲህ ባለ ቤት ገብተው ሊሠሩ አይችሉም። መጀመሪያ ቤቱ ይጽዳ፤ ታማሚዋም ይታጠቡ።»

«ከታጠቡ እኮ ሠላሳ ስምንት ነው የሰጡን!»

«እሱ ሌላ አንቀጽ ነው።»

ጽዳቷ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ክፉ ሳቅ ነው፤ ራሷንም አስደነገጣት። ሰውዬው ቅጂውን መሬት ላይ አኖረላት፤ እጇን ላለመንካት። «ቅሬታ ካለሽ ከስድስት ወር በኋላ» አለና ዞር ብሎ፣ እንትፍ! ደጃፉ ላይ ተፍቶ ሄደ።

በሩን ዘግታ ምድጃውን ለኮሰች። ውሃውን ጣደች። አሁንስ የምትጠብቀው የለም።

«ተፋ?» አሉ እትዬ በረኪና ከአልጋው። ከአምስት ቀን ወዲህ ድምፃቸው እንዲህ ጠርቶ አልተሰማም። «ደጄ ላይ ነው የተፋው?»

«ተይው እማዬ። አሁን አጥብሻለሁ።»

«አውርጂው ውሃውን።»

«እማዬ!»

«አውርጂው አልኩሽ! ሠላሳ ዓመት የስንቱን መግልና ደም በዚህ እጄ አጥቤያለሁ፤ አንድ ቀን አፍንጫዬን ይዤ አላውቅም። ይሄ ዛሬ የተወለደ ደጄ ላይ ይተፋል? ያየሁትን ነው የምመዝነው አይደል ያለው? ነገ ቢሮው ድረስ ወስደሽ እዚያው ታጥቢኛለሽ።»

«ሰው ፊት? አንቺን?»

እትዬ በረኪና በደህናው እጃቸው አንሶላውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «አዎ፣ እኔን» አሉ።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሪደሩ በባለጉዳይ ጢም ብሎ ነበር። አናጢው ጋሪውን በሩ ድረስ ገፍቶ፣ እትዬ በረኪናን ከነአንሶላቸው አቅፎ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ልክ በመዛኙ በር ትይዩ አጋደማቸው። ተሰልፎ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። አንዷ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ወጣች። ሹፌሩ ብቻ ክራንቻቸውን ተመርኩዘው ካሉበት አልተነቃነቁም።

ከቢሮዎቹ አንድ ባንድ አንገት መውጣት ጀመረ። «ምንድነው የሞተው? አይጥ ነው?» አለ አንዱ። መዛኙ በሩን ከፈተ፣ መሐረቡን ፈልጎ ኪሱን ዳበሰ፣ ከዚያ በኮሪደሩ ላይ ጮኸ። «ጽዳት! ኧረ ጽዳት የት ናት? ይሄን ነገር ከዚህ አስወግጂልን!»

ጽዳቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ በአንድ እጇ የሞቀ ውሃ ባልዲ፣ በሌላው ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«አቤት» አለች። «ይሄ ነገር እናቴ ናት።»

ተንበረከከች። አንሶላውን ስትገልጠው ከሰልፉ ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ «ኧረ በሕግ! ኧረ ገላ ነው!» እያሉ ሮጠው ሻሻቸውን ፈተው እንደ መጋረጃ ዘረጉ። እትዬ በረኪና አንገታቸውን አዙረው አዩአቸው።

«እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። አንሡት። ለእሱ ነው የመጣሁት፤ ይይ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ሻሻቸውን ዝቅ አደረጉ። ጽዳቷ እናቷን ቀስ ብላ በጎናቸው አዞረቻቸው። ቁስሉ ወጣ። የቡጢ ያህል ጎድጉዶ፣ ዳሩ ጠቁሮ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ፣ ይፈሳል። በሞቀ ውሃ ጨርቁን እየነከረች ዳር ዳሩን ትጠርግ ጀመር፤ እትዬ በረኪና ዓይናቸውን ግጥም አድርገው ጨፍነው፣ የወንበሩን ጠርዝ በደህናው እጃቸው ጨብጠዋል። ያ ሁሉ ዓመት ኮሌታቸው እንኳ ተጨማዶ አያውቅም፤ አሁን ሰው ፊት፣ ወገባቸው ተራቁቶ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። ጽዳቷ ይህን አይታ እጇ ቆመ።

«ቀጥይ» አሉ እትዬ በረኪና።

መዛኙ አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ጠዋት ጽዳቷ ወደ ፈተገችው ሽንት ቤት ሮጠ። ሲያስመልስ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማዋል። የቢሮው ኃላፊ የሆነችው ወይዘሮ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ከላይኛው ፎቅ ወረደች። ስለ ቁስሉ አንድ ቃል አልጠየቀችም። «ማነው ያስገባቸው? ከሰዓት እንግዳ አለብኝ እኮ! ስጧት፣ የምትፈልገውን ስጧትና በአስቸኳይ ይውጡልኝ!» ብላ ተመልሳ ወጣች።

መዛኙ ፊቱን ታጥቦ መጣ። ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞላ፣ ደመረ፣ እንደገና ደመረ።

«ሃምሳ ሁለት ነው የሚመጣው» አለ።

«ይሄንን አይተህ?» አሉ ሹፌሩ። «አንተ ሰው አይደለህም?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ቅጹ ነው! አብሯቸው የሚኖር ልጅ ያላቸው ሰው ከሃምሳ ሁለት አይበልጥም። ስልሳ የሚሞላው...» ገጹን ገልብጦ አንዲት ትንሽ ሳጥን ለጽዳቷ አሳያት። «ይቺ ከተሞላች ነው። ስምንት ነጥብ አላት።»

ጽዳቷ ጎንበስ ብላ አነበበች። ከሳጥኗ ጎን እንዲህ ይላል፦ «ታማሚዋ በልጃቸው ቸልተኝነት ያለ ጠያቂ ተጥለው ተገኝተዋል። ልጅ ጥፋቷን አምና ፈርማለች።»

ቀና አለች። ሰውዬው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን እያየ ነበር። «አንቺ... እዚህ የምትሠሪው አይደለሽም እንዴ?» አለ።

እጇን በዩኒፎርሟ ጠርጋ ብዕሩን ተቀበለችው። በውሃና በሳሙና የራሰ ጣቷ ወረቀቱን አበሰበሰው፤ ፊርማዋ ግን ይነበባል። መዛኙ ማኅተሙን መታበት። ነርስ ሰኞ ጠዋት ትላካለች አለ፤ ቅጂውን በጫፉ ይዞ ሰጣትና በሩን ዘጋ።

ተመልሳ ተንበረከከች። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነች፣ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳበች፣ ፀጉራቸውን በጣቷ አስተካከለች። እትዬ በረኪና ዓይናቸውን ገለጡ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የማኅተሙን ቀለም ግን ያውቁታል።

«ምን ይላል?»

«ሰኞ ነርስ ትመጣለች ይላል።»

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ? ሌላስ ምን ይላል?»

ጽዳቷ ወረቀቱን አራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ሌላማ... ልጃቸው በደንብ ትይዛቸዋለች ይላል።»

«እሱን እንኳ እውነት ጽፈዋል» አሉ እትዬ በረኪና።